ያልተጠየቀችው ባለጉዳይ

ወደ ቀየት የሚሄደው ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ፣ አቶ ቅጣው ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች ዞር ብለውም አያዩዋቸውም ነበር። ጉም በሸፈነው መንገድ ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲቆሙ ግን ወጣቷ ዣንጥላዋን ይዛ ተጠጋቻቸው። እስከዳር ትባላለች።

«ለደህና ነው የሚሄዱት፣ አባቴ?»

«ለዕርቅ ነው ልጄ። የወዳጄ የሽመክት ልጅ አንዲት ተማሪ ደፍሮ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ደርሷል። ዛሬ ቤተሰቡን አስታርቀን፣ ክሱ ቀርቶ እንዲያገባት እናደርጋለን። አንቺስ?»

የእስከዳር ፊት ተለዋወጠ። «እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። የማጠናው፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ራሳቸው ተነሥተው ለሌሎች ሲቆሙ ምን እንደሚለወጥ ነው። የምንሄደውም እዚያችው ልጅ ዘንድ፣ ወለተኪዳን ጋ ነው።»

አቶ ቅጣው ደማቸው ፈላ። የተማረ ሁሉ የአገር ሽማግሌ ካላረመ እንቅልፍ አይወስደው!

«ክስ ያሳስራል፤ እስር ቂም ያመጣል፤ ቂም ደም ያፋስሳል። ይኼን ጥናትሽ ያስቆመዋል? ልጅቱንስ ከእንግዲህ ማን ያገባታል? ስሟን ልንሸፍንላት ነው እኮ!»

«ደም እንዳይፈስ መድከምዎን አልክድም። ግን ሕዝቡ ከልሎ በሚጠብቀው ጓሳ ላይ ያለ ጊዜው ሳር ያጨደ ሰው ቢያዝ፣ ሳሩን መርቃችሁ ትሰጡታላችሁ?»

«እንዴት ተደርጎ! ሕጉ ሊፈርስ?»

«ታዲያ ልጅቱን ላጠቃት ልጅቱኑ የምትሰጡት ለምንድን ነው?»

አቶ ቅጣው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈቅዳለች። ባለፈው እሑድ ስንጠይቃት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። የጨዋ ልጅ ወጉ ነው። ዱሮም ሞላሌ አጠገብ አንዷን እንዲሁ አስታርቄ፣ ደግ ሠርግ ተደግሶላታል።»

ከእስከዳር ጎን የቆመችው ሁለተኛዋ ሴት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«ያቺ እኔ ነኝ፣ አያ ቅጣው። ጠጄ ነኝ። አንገቴን የደፋሁት አባቴ ፊት ስለነበርኩ ነው። ቀና ብል ባለጌ ልባል። እሺ የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝም የለም። ከደፈረኝ ሰው ጋር ስንት ዘመን አንድ አልጋ ላይ አደርኩ!»

አቶ ቅጣው ያን ቀን የመረቁት ምርቃት ትዝ አላቸው። ሐፍረት ያዛቸው።

«ዛሬ ጠጄ እንደ እሷ ከተጠቁ ልጆች ጋር ሐኪም ቤትም ፍርድ ቤትም ትሄዳለች» አለች እስከዳር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካነጋገርኳቸው ብዙዎቹ፣ እሷ ባትኖር ክሳችንን እንተው ነበር ይላሉ። አጥፊው ሲፈረድበት ልጅቱ ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ሌላውም ጎረምሳ ይፈራል። አስታርቃችሁ ስትድሩለት ግን ለሚቀጥለው መንገዱን ታሳዩታላችሁ።»

«እኔ ብቀር ሌሎቹ ይድሯታል» አሉ አቶ ቅጣው።

«አይቅሩ። ይጠይቋት።»

ዕድሜ ልክ የተከበሩበትን ነገር መንገድ ዳር መጣል ለማንም ቀላል አይደለም። ጎማው ተቀይሮ ሚኒባሱ ቀየት ገባ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወለተኪዳን ከአባቷ ኋላ አንገቷን ደፍታለች። ጠጄ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። አቶ ቅጣው ምርቃቱን ሳይጀምሩ ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ባለፈው አንገትሽን አይተን ፈረድን። ዛሬ ከአፍሽ ልስማ፤ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ያለቀ ነገር!» አለ አባቷ ተቆጥቶ።

ልጅቱ የጠጄን እጅ ጨብጣ ቀና አለች። «አላገባውም። ይፈረድበት። እኔ ትምህርቴን እማራለሁ።»

ሽመክት ዱላውን ይዞ ተነሣ። «እንግዲያው ልጄ አላደረገም! ማን አየ? ማን ይመሰክራል?»

«ልጅህ እሑድ ዕለት እግሬ ላይ ወድቆ አጥፍቻለሁ ብሏል። እኔ እመሰክራለሁ» አሉ አቶ ቅጣው።

«ሽማግሌ ፊት የተነገረ አይወጣም!»

«ዕርቅ ሲኖር ነው የማይወጣ። እኛ የምናስታርቀው የተጣላ ሰው ነው፤ ይቺ ልጅ ከማንም አልተጣላችም፤ ተጠቃች እንጂ።»

ሽመክት ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ ብሎ ዘመዶቹን አስከትሎ ሄደ። የአርባ ዓመት ወዳጅነት በዚያው አከተመ። አቶ ቅጣው ግን አልተቀመጡም።

ወለተኪዳን ቀረብ አለቻቸው። «ዳኛው ፊት የሰሙትን ሁሉ ይናገሩልኛል?»

«ሁሉንም፣ ልጄ። እኔም ልድርሽ መጥቼ እንደነበር ጭምር።»