ሻጭና አሳይ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ዛሬ ሁላችሁም «ሴልስ ነኝ» እንደምትሉት አልነበረም። በእኛ ጊዜ ፒያሳ ጨርቅ ቤት ውስጥ ሻጭ ወንዱ ነው፣ ሴቷ አሳይ ናት። አሳይ ልጅ! ምን ማለት መሰላችሁ፣ ጣቃውን ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ ባንኮኒው ላይ እዘረጋለሁ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ «እስቲ ይዩት፣ ለእርስዎ መልክ ይሄ ነው» እላለሁ፣ አግባባለሁ፣ አስቃለሁ፣ ታዲያ ደንበኛዋ «በቃ ይሄን» ስትል ወንዱ መቀሱን ይዞ ይመጣና ለክቶ ቀጭ! ያደርጋል። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፍልፌ አሳይ፣ እሱ ቀጭ አድርጎ ሻጭ። ይሄ ፍርድ ነው? እስቲ ንገሩኝ!

የእኛ ሻጭ ጋሽ ተካ ይባላሉ። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ደግሞ የወሎ ሰው ናቸው፣ ፈጣሪያቸውን የሚፈሩ። እኔ ከሰፈሬ ከዶሮ ማነቂያ በእግሬ እየተመላለስኩ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እና የምመኘው አንድ ነገር ነው፣ መቀሱን ይዞ ሻጭ መባል። አንድ ቀን ሐጂን ደፍሬ ብጠይቃቸው «ተይ አስካለ፣ ሴት ስትቆርጥ ደንበኛ አያምንም። መቀሱን የነካሽ ቀን ወደ ቤትሽ!» አሉኝ። ከእኔ በታች ሦስት ታናናሾች አሉ፣ የሚበሉት ከእኔ እጅ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ጣቃ መዘርጋቴን ቀጠልኩ።

ታዲያ አንድ ዓርብ ጋሽ ተካ ለቅሶ ሄዱ፣ ሐጂም ለጁምዓ ሶላት ወጡ፣ ብቻዬን ቀረሁ። አንዲት ወይዘሮ እያለከለኩ ገቡ። ልጃቸውን ሊድሩ ሳምንት ቀርቷቸዋል፣ የሚዜዎቹ ልብስ ገና አልተሰፋም! ስንቱን አወረድኩላቸው መሰላችሁ፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ኋላ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ወደዱ፣ ያልተነካ ጣቃ፣ ሃያ አራት ሜትር።

«ስድስት ሚዜ ናቸው፣ አራት አራት ሜትር አድርገሽ ቁረጪልኝ።»

«ሻጩ የሉም እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁ።»

«እና አንቺ ምንድነሽ?»

«እኔ አሳይ ነኝ።»

«ወግ አይቀር! እስካሁን የሸጠልኝ ታዲያ ማነው? ግድግዳው ነው?»

እንጃ ምን እንደነካኝ፣ መቀሱን አነሳሁ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ስድስተኛው ላይ ጣቃው ልክክ ብሎ አለቀ። ወይዘሮዋ መርቀውኝ ሄዱ።

ሐጂ ተመለሱ። ባዶውን የጣቃ እንጨት አዩት። «ማን ቆረጠው?» «እኔ።» «ቁራጩስ የታለ?» «ምን ቁራጭ?» «የተረፈው ነዋ! ተካ ሲቆርጥ ከየጣቃው አንድ ሜትር ይተርፋል፣ እጁ በረካ አለው፣ ለነዳያን ነው የምሰጠው። አንቺ የት አደረግሽው?» ሌባ ማለታቸው ነው፣ ገባችሁ? መቀስ መንካቴ ቀርቶ ሌባ ልባል!

እውነቱን ደግሞ አውቀዋለሁ። ጋሽ ተካ ሲለኩ ጨርቁን ወጠር ያደርጉታል፣ አራት ሜትር ብላ የገዛች ቤቷ ገብታ ስትለካው አራት አይሞላም። የሚተርፈው እሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፣ እንጀራዬ ነውና አፌን ይዣለሁ፣ ኃጢአቱ የእኔም ነው፣ አልዋሽም።

«ሐጂ» አልኩ፣ «እኔ ሳልወጥር ስለለካሁ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጋሽ ተካ ይወጥራሉ።»

ዱቅ አሉ ወንበሩ ላይ። «አስተግፊሩላህ! የሰው ሐቅ ነው እንዴ ሰደቃ እያልኩ ስሰጥ የኖርኩት!» አሉና ፊታቸው አመድ መሰለ። አሳዘኑኝ።

በነጋታው ጋሽ ተካን ለብቻቸው ጠሯቸው፣ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲወጡ ሐጂ መቀሱን እጄ ላይ አኖሩት። «ሻጭ አንቺ ነሽ። ተካ፣ አንተ ዘርጋ።»

ደስ አለኝ! ምን ይደበቃል! ግን ስሙኝማ፣ ደንበኛ ይገባል፣ እኔ መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ጋሽ ተካ ያንን የሚያህል ሰውዬ ሮዝ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል፣ እና ሰው ለእሳቸው «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ እጅ ይነሳል፣ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ እስቲ» ይላል። እሳቸው አሳይ ሆነውም ጋሼ ናቸው፣ እኔ ሻጭ ሆኜም አንቺ ልጅ! ሐጂ መቀሱን ሰጡኝ፣ ስሙን ግን ማን ይስጠኝ? ሌት ተቀን አንገበገበኝ።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ገብቶ «አንቺ ልጅ፣ ሻጩን ጥሪልኝ!» ብሎ አፈጠጠብኝ። ጋሽ ተካ ከወዲያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጨርቁን ከትከሻቸው እንኳ አላወረዱም፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ «ጌታዬ፣ ሻጯ እሷ ናት። አሳዩ እኔ ነኝ» አሉ። እኔ በእሳቸው ላይ ያን ሁሉ ተናግሬ፣ እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉልኝ! እንባዬ መጣ፣ መቀስ በያዘው እጄ ጠረግሁት።

«ታዲያ እማማ፣ ጋሽ ተካን ምን አሏቸው?» አለች ታሪኩን ስታዳምጥ የነበረችው የአስካለ የልጅ ልጅ።

ምን እላቸዋለሁ! «ጋሽ ተካ፣ ሰማያዊውን ያውርዱልኝ» አልኳቸዋ! (ሳቅ)