ከነባለቤቱ የመጣው መለዋወጫ

ከጂንካ እስከ ለንደን ብትፈልጉ እንደኔዋ ያለች አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አታገኙም፤ ስትበር ንስር ከኋላዋ አቧራ ይቅማል። ባለቤቴ ግን «ዳግመኛ ተጎትታ ከመጣች የዶሮ ቤት አደርጋታለሁ» ብላ ምላ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከዲመካ ገበያ ልመለስ ስነሳ፣ ሞተሩን የሚደግፈው ጎማ ተበጠሰና ሞተሩ ዘጭ አለ። ጎማው ከእንግሊዝ እስኪመጣ እኔ አረጃለሁ። ዞር ስል የሐመር ወዳጄ ቦርኮቶው ላይ ተቀምጧል፤ ቀን ቀን የሚቀመጥባት፣ ማታ ማታ የሚንተራሳት ትንሽ የእንጨት በርጩማ።

«ወዳጄ፣ አውሰኝ።»

«እሷ ብቻዋን አትሄድም፤ እኔም እሄዳለሁ» አለ።

ሞተሩ ሥር ብወሽቃት ልክክ አለች። እየነዳሁ ጂንካ ገባን። ባለቤቴ ከደጅ ቆማ «እኚህስ ማናቸው?» አለች።

«የመለዋወጫው ባለቤት ናቸው። የእንግሊዝ ፋብሪካ እንኳ ዕቃ ከነባለቤቱ ልኮ አያውቅም» አልኳት።

ዶሮዎቿ ዛሬም ዛፍ ላይ ያድራሉ።