የሶፋ ሰሪው ክብሪት

የወንበሬ እግር ባይላላ ኖሮ የዚያን ቀን ከሶፋ ሰሪው ጎረቤቴ ደጅ አልደርስም ነበር። አርባ ዓመት ሶፋ ያለበሱ፣ እጃቸው የማይታማ ሰው ናቸው። ደንበኛ ሲመጣ ክብሪት ጭረው ጨርቃቸውን ያስነኩታል፤ ይጠቁራል እንጂ አይነድም። ሌላ ማስታወቂያ የላቸውም።

ስገባ ኬሚስትሪ ካጠናችው ልጃቸው ጋር ክርክር ይዘዋል። ያከራከራቸው ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው፣ ለእሷ ሕፃን፣ ከዚያው ጨርቅ የሰፉት ፍራሽ ነው። እናቷ ሥራ ስትሄድ ሕፃኗ የምትውለው እሳቸው ጋ ነው፤ አሁንም ወለሉ ላይ እየዳኸች ጣቷን ትጠባለች።

«አባባ፣ እንዳይነድ የተነከረበት ኬሚካል ነው የሚያስፈራኝ» አለች ረጋ ብላ።

«አርባ ዓመት ሳገላብጠው ኖሬ ምን ሆንኩ፣ ልጄ?»

«እርስዎ ይነኩታል፤ እሷ ትውጠዋለች። ከጨርቁ እየለቀቀ አቧራው ውስጥ ይገባል። ጉዳት ስንመዝን ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ነገሩ ምን ያህል ክፉ ነው፣ ሰውነት ውስጥስ ምን ያህል ይገባል? ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ የሕፃን አእምሮ እድገት እንደሚጎዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። እሷ ደግሞ ስምንት ኪሎ ናት፤ እጇ ከአፏ አይወጣም።»

«እሳቱስ?»

«እሳቱን አልናቅሁም። ግን እሷ ሲጋራ አታጨስም።»

ሳቄን ዋጥኩት። ሽማግሌው ግን ፈገግም አላሉ፤ «መልቀቁን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አሉ።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አላመጣትም» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። የሳቸው ፊት ገረጣ።

ጥግ ወዳለው አሮጌ ሶፋ ሄዱ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያው ጨርቅ ራሳቸው ያለበሱት ነው፤ ሊታደስ መጥቷል። ቁራጭ ቀደዱ፣ ደጅ ወጥተው ክብሪት ጫሩ። ጨርቁ ቦግ ብሎ ነደደ።

«ያኔ እኮ አልነድም ብሎ ነበር» አሉ። «የተነከረበት መድኃኒት የት ሄደ?»

«ምን ያህሉ አቧራ ውስጥ እንደገባ ክብሪት አይነግረንም፤ እሱ የላብራቶሪ ሥራ ነው» አለች ልጅቱ። «ጨርቁ ላይ እንደማይቆይ ግን ራስዎ አሳዩን።»

የራሱን እምነት በራሱ ክብሪት የሚፈትን ስንት ምሁር አውቃለሁ? አንድም። አከበርኳቸው።

ፍራሹን በምላጭ ተረተሩት። ዛሬ ሕፃኗ ያልተነከረ ጥጥ ላይ ትተኛለች፤ ወለሉ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከመብላቷ በፊት እጇ ይታጠባል፣ ምድጃና ሻማ አጠገቧ አይደርሱም። ይህ ሁሉ ከትንሽ ድካም በቀር ምንም አይጠይቅም፤ ከአቧራውም ከእሳቱም ይጠብቃታል።

ያን ዕለት ሽማግሌው ክብሪታቸውን ከመደርደሪያው አንስተው ለልጃቸው ሰጧት።

«ይዘሽው ሂጂ፤ ከእንግዲህ ደንበኛ አልጠራበትም» አሉ። «እሷን ግን ነገ አምጪልኝ።»

በማግስቱ በጠዋት አመጣቻት።