ካሌብ በአንድ ዓይን

— ሄሎ! … አዎ፣ ባሕር ዳር፣ ሆቴሉ ነው። … ራሴ ነኝ፣ ገብረ ኪዳን፣ ሠዓሊው። … ሣህሉ? አንተ ነህ? እንደምን ሰነበትህ፣ የእህቴ ልጅ! … ትሰማኛለህ? … እኔስ እሰማሃለሁ።

— ደኅና ነኝ፣ ይመስገን። ደከመኝ እንጂ። የአዳራሹን ንድፍ ትናንት ጨረስሁ። … አዎ፣ አራቱንም የአክሱም ነገሥታት። ያ ከአዲስ አበባ የላክህልኝ የጣልያኖች የሥዕል መጽሐፍ ጠቀመኝ። የድሮ ሠዓሊዎቻቸው የሮማ ቄሣሮችን ለባለጸጋ አዳራሽ ሲያዘጋጁ፣ መጀመሪያ በወረቀት ነድፈው፣ መስመሩን በመርፌ በስተው፣ ከሰል ነስንሰው ግድግዳው ላይ ያሳርፉት የለ? እኔም እንዲያው አደረግሁ። ካሌብን ብቻ ስበሳ ጣቴ አበጠ። … ምን?

— ኮሚቴው? … ለአብዮት በዓል በሚከፈት አዳራሽ ንጉሥ አይሳልም አሉ? ለውጭ ጎብኚ ታሪካችንን እናሳይ ብለው ያዘዙኝ እነሱ አይደሉም እንዴ? … እሺ፣ ቀጥል።

— አንተም ስብሰባው ላይ ነበርህ? ምን አልሃቸው? … ድገምልኝ። … በጎን ይሳሉ? … ሣህሉ፣ አንተ የቄስ ቤት ልጅ አይደለህም? ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ዲያብሎስ ነው። ይህን ካድሬ ከየት አወቀው? … አንተ ነገርሃቸው! «በአንድ ዓይን ከተሳሉ ጨቋኝነታቸው ይታያል» ብለህ! … ሥራዬን ለማዳን። … አውቃለሁ፣ ለኔ አስበህ ነው። ምን ይደረግ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

— የብርጓል፣ ልጄ፣ እስኪ ያን የእንግዳ መቀበያውን ራዲዮ ቀንሺልኝ።

— ሄሎ… አዎ፣ ጣልያኖቹም ቄሣሮቻቸውን በጎን ነው የሳሉ፣ አይቻለሁ። ለነሱ ክብር ይሆናል። እዚህ ግን የዘጌ ሕፃን እንኳ አይቶ ያውቀዋል። ባዜንን በጎን አድርግ ብትለኝ እሺ፣ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው። ካሌብን ግን? ዘውዱን ኢየሩሳሌም ልኮ የመነነውን? … አልችልም። እሐይቁ ደሴት ላይ ባለው ገዳም የእመቤታችንን ሥዕል ልጀምር ለመነኮሳቱ ቃል ሰጥቻለሁ። ካሌብን በአንድ ዓይን በሳለ እጅ እሷን እንዴት እስላለሁ? … አይሆንም አልሁህ!

— … ጓድ? ማንን ነው ጓድ የምትል? እኔ አጎትህ ነኝ እኮ። … ሣህሉ፣ ድምፅህ ምን ሆነ? … አጠገብህ ሰው አለ? ካለ «እሺ» በለኝ። …

— እሺ አልህ።

— ባልስለውስ፣ የሚጠየቀው ማነው? … እኔ? … አንተ። ሐሳቡን ያመጣኸው አንተ ነህና። … ባለፈው ወር ከቢሮህ የወሰዱት ሰው ተመለሰ? … ተወው፣ አትመልስ። ገባኝ።

— … አለሁ፣ አለሁ። ወንበር ስስብ ነው። እናትህ አገርነሽ ትናንት መጥታ ነበር። መቼ ይመጣል ትላለች። ካንተ ሌላ ማን አላት።

— እሺ፣ ጓድ ሣህሉ! አጠገብህ ላሉትም እንዲሰማ ጮኽ ብዬ ልናገር። ካሌብ በጎን ይሳላል። በአንድ ዓይን። አዲስ ወረቀት ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሐሳቡም ግሩም ነው በላቸው። … አታልቅስ፣ አንተ ልጅ። ያዩሃል። … ሄሎ? … ሣህሉ? … ሄሎ!

— ተቋረጠ።

— የብርጓል፣ ስልኩን መልሽው። … የለም፣ ደኅና ነው፣ ሰላም ሊለኝ ነው የደወለ። … እታች ሐይቁ ዳር አንድ ቀዛፊ አለ፣ ከደሴቱ የመጣ፣ ቀለሜን ሊወስድ እየጠበቀኝ ነው። ባዶ ታንኳውን ይዞ ይመለስ በይው። መነኮሳቱ ሌላ ሠዓሊ ይፈልጉ። … ምን ሆነ ካለሽ? … ዓይኑን አሞታል በይው።