መጽሐፍ ገልጦ መውደቅ

"እማዬ፣ መጽሐፉን ይዘው እየገቡ እንዴት ይወድቃሉ?" ብላ ትንሿ ቤታን አንድ ቀን ብትጠይቃት፣ ግሌኒስ "ሂጂ ጥርስሽን ታጠቢ" አለቻት። ነገሩ ግን ሲከነክናት ሰነበተ። ባሏ ግዊሊም በላኔሊ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ ኖሮ፣ መጽሐፉን ገልጠው የሚፈተኑትን አዲሱን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛው ነገ ሰኞ ነው። ይህንንም ከወደቀ ብቻውን ሥራ አይሰጡትም፤ ሌላው ሲሠራ መሰላል መያዝ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቷ ሚቫንዊ ለሻይ ገባች። ግዊሊም መስኮቱ ሥር መጽሐፉ ላይ ተደፍቶ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ገጾቹ ላይ ይለጥፋል። ግሌኒስ ሻዩን ቀዳችና ጀርባዋን ለባሏ ሰጥታ ለሚቫንዊ ታወራት ጀመር።

"ዝናቡ አባራ አይደል? ስኳር ጨምሪ እንጂ የኔ እናት... እኔ የምልሽ፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ። አንቺ አታውቂውም። ትጋቱ! ሦስት ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ ከእጁ አልወረደም። አነበበው ወይ? እሱን እንኳ እኔ ምኑን አውቄ... አስጊጦታል ግን። ቀዩ ወረቀት ለመታጠቢያ ቤት፣ ቢጫው ለመሬት ሽቦ፣ አረንጓዴው... አረንጓዴው የምን እንደሆነ እሱም የረሳው ይመስለኛል። መጽሐፉ አሁን አልዘጋም ብሎ እንደ በቀቀን ክንፉን ዘርግቶ ነው የሚያድረው።

"ጥንቃቄውስ! የትኛው ቀለም የምን እንደሆነ በሌላ ወረቀት ጽፎ ይዞታል። ባለፈው ፈታኟ በር ላይ 'ብጣሽ ወረቀት ይዞ መግባት ክልክል ነው' ብላ ወረቀቱን ቀማችው። ታዲያ አልተማረም ትያለሽ? ተምሯል እንጂ! አሁን ሌላ ጽፏል... በትልልቁ።

"ማውጫ አልሽ? ምነው ሚቫንዊ! መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ ተደርድሮ የተቀመጠውን ማየት እኮ ለእኔ ቢጤው ነው። ለሃያ ስድስት ዓመት ባለሙያ ነውር አይሆንበትም? ... ኧረ ሳቅሽን ያዥ፣ ሰው ይሰማል።"

የመቀሱ ድምፅ ቆመ።

"እኔማ ማታ ማታ እጸልይለታለሁ። ደግ ሰው ነው፤ ስንት አሮጊት ጨለማ እንዳትቀመጥ በነጻ አብርቷል። እና ምን እላለሁ መሰለሽ? 'ጌታ ሆይ፣ በመጨረሻው ቀን የሕይወት መጽሐፍ ሲከፈት፣ ስምህን ፈልግ ብለህ ለእሱ አትስጠው። ሰልፉ ይቆማል። አንተው ፈልግለት...' አሜን በይ እንጂ!"

ሚቫንዊ ስትወጣ ግዊሊም መጽሐፉን ከኋላው ገለጠ። ማውጫውን በጣቱ እየተከተለ፣ ያገኘውን ገጽ እያነበበ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ወለሉ ላይ ጣላቸው። እራት ሲቀርብ መጽሐፉ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ግሌኒስ ቤት ስትጠርግ አንዱን አረንጓዴ ወረቀት አነሳች። "እዚህ ጋ ክፈት" ብላ ጻፈችበትና ለምሳው በቋጠረችለት ዳቦ ላይ ለጠፈችው።