ያረገዘው ተማሪ

«ዛሬ ደግሞ ፀሐይዋ እንዴት ደስ ትላለች፣ እህቴ! ነይ እስኪ ወዲህ ቁጭ በይ፤ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ...»

የሒሳብ አስተማሪዋ የምታወራው ሥራ ከጀመረች ሳምንት ላልሞላት የታሪክ አስተማሪ ነው። ድምፅዋ ግን ጠረጴዛውን ተሻግሮ፣ መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ዘርግቶ እስከተቀመጠው ሰውዬ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰውየው የኮሌጁ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

«ያንን ልጅ ሰማሽ አይደል? የሰው ጽሑፍ ገልብጦ ተያዘ የተባለውን? መግቢያው ላይ ‹ይህን ጥናት የጻፍኩት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነው› ይላል... ጢሙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ! አስተማሪው ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ‹ስንት ወርህ ነው?› ብለው አሳቁበት። አይ ጨዋታ ማወቅ! የያዙትም እሳቸው፣ ‹ይባረር› ያሉትም እሳቸው፣ ከሰዓት የሚፈርዱትም እሳቸው። ጎበዝ ሰው ለሌላው ሥራ አይተውም። የልጁ እናት ከጠዋት ጀምራ የኮሌጁ በር ላይ ቆማለች...

እኔ ነገረኛዋ ታዲያ፣ ከየት አመጣው ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መደርደሪያውን ስበረብር... የማንን መመረቂያ ጽሑፍ ባገኝ ጥሩ ነው? የገዛ አስተማሪውን! ቃል በቃል፤ እርግዝናው ሳይቀር። ባለ ሪዝ ሰው እኮ ናቸው! እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ... ሳይንሱ አድጓል።

‹ታዲያ ሲያዩት እንዴት አላወቁትም?› ትይኝ ይሆናል። ትሕትና ነዋ! የራሳቸውን ጽሑፍ እንኳ አንብበው አያውቁም።

ተማሪ ለምን ይገለብጣል? ስንፍና ነው ይላሉ። እኔ ግን ፍቅር ነው ባይ ነኝ፤ ልጅ የሚመስለው የሚያከብረውን ነው። ሌባ ሌባን ቢሰርቅ... ውይ አፌን! ምሁር ከምሁር ቢማር እንዴት ይደንቃል? እሳት አመድ ይወልዳል ያለውም ዋሽቷል፤ ይኸው ፎቶኮፒ ወለደ።

እኛ ኋላ ቀሮቹ የገለበጠ ተማሪ ስንይዝ ቁጭ አድርገን እንደገና እናስጽፋለን። እሳቸው ይህን አይወዱም፤ እውነታቸውን ነው። እንደገና ማስጻፍ ከተጀመረማ... ስንቱ ባለ ዲግሪ እስክሪብቶ ሊፈልግ ነው?»

ጋዜጣው ገጹ ከተገለጠ ቆይቷል። ሒሳብ አስተማሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች፤ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ድምፅዋ እንደ እናት ለሰለሰ።

«ደግ ሰው ናቸው፣ እህቴ፤ ምርቃት አይነፈጋቸውም። ዛሬ ለዚያ ልጅ የሚሰጡትን ፍርድ፣ ፈጣሪ ለእሳቸው እጥፍ አድርጎ ይክፈላቸው... ምነው? አሜን አይባልም እንዴ?»