የሜልኪዮር መለከትና ኮብላይ ልብ

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። የላሞቹ ባለቤቶች «ወተት ቀነሰብን» ብለው ወደ ተራራው ግጦሽ ሲልኩኝ፣ ዳገቱ ላይ ከነርሷ ከኡርዚና ጋር ተገጣጠምን። እሷም የምትሄደው እዚያው ነበር፤ እረኛው ሜልኪዮር አጎቷ ናቸው።

ስንደርስ ሽማግሌው በጠራራ ፀሐይ ረጅም የእንጨት መለከት ይነፋሉ። ማታ ለመታለብ በዚሁ ድምፅ የሚጠሩት ላሞችም ሣሩን ትተው እየሮጡ የጋጣው በር ላይ ይሰበሰባሉ። ወተቱ የት እንደሚገባ ወዲያው ገባኝ።

«ጋሽ ሜልኪዮር፣ በዚህ ሰዓት ምን ሊታለብ ነው?»

«ላሞቹን ማን ጠራቸው? ልቤን ነው የምመልሰው። ድንገት ይጋልባል፤ አጥብቄ ስነፋ አደብ ይገዛል።»

«መንፋቱስ ደግ ነው አጎቴ» አለች ኡርዚና። «እኛም በሽተኛውን አስጋድመን አምቀህ ንፋ እንላለን፤ ልብን የሚገታው ነርቭ ይነቃል። እምቢ ሲልስ?»

«እስኪታዘዝ እነፋለሁ።»

«ባለፈው ሳምንት መለከቱ ላይ ወድቀው ተገኙ አሉ።»

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።»

«ቆመው?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «ታማሚ ነው ከተባልኩ የላሞቹ ባለቤቶች ማኅበር ግጦሹን ለሌላ እረኛ ይሰጣል። ከዚህ ወርጄ ምን ልሆን?»

አሳዘኑኝ፤ አናደዱኝም። «ከላሞቹ የአንዷ ልብ እንዲህ ቢሆን እኔን ያስጠሩ ነበር። ለራስዎ ሲሆን ላሞቹን ይጠራሉ! ገደል አፋፍ ላይ ራስዎን ቢስቱ ግጦሹ ለማን ሊተርፍ ነው?»

ይሄኔ ከንፈራቸው ነጣ፤ ልባቸው እንደገና ጋልቦ ነበር። ኡርዚና የእጃቸውን ትርታ ያዘች። ከፍጥነቱ የተነሣ ለመቁጠር እንኳ አልተመቻትም። አጋድማ አስነፋቻቸው፤ ልባቸው አልታዘዘም።

«ሄሊኮፕተር ልጥራ» አለች።

«ሄሊኮፕተርማ እዚህ ተራራ ላይ የሚመጣው እግሯ ለተሰበረ ላም ነው።»

«ለዛሬ ራስዎን እንደ ላም ይቁጠሩ።»

«እሺ፣ ጥሪው» አሉ ቀስ ብለው።

ሆስፒታል የልባቸው ግልቢያ በመሣሪያ ተመዘገበ፤ በደም ሥር በተሰጠ መድኃኒትም ረጋ። ኋላም ሐኪሞቹ በብሽሽታቸው ደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ልባቸው ውስጥ የነበረችውን ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ተኩሰው ዘጉ።

በመከር ወቅት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሜልኪዮር ራሳቸው ተነሥተው ሁሉን ተናገሩ። «ልባችሁ ያለ ሥራ ድንገት ከጋለበ ተመርመሩ። ራስ ካሳታችሁ፣ ደረት ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁማ መለከት አትፈልጉ፤ እርዳታ ጥሩ። የሚድን በሽታ ደብቆ መሞት ጀግንነት አይደለም።» ግጦሹን የነጠቃቸው የለም።

ስብሰባው ሲበተን ወይፈን የሚያካክሉ ሦስት ጎረምሳ እረኞች ኡርዚናን ተራ በተራ ከጋጣው ጀርባ ጠሯት። እያንዳንዱ የጠየቃት ስለ «አንድ ጓደኛው» ልብ ነበር። እሷም የሦስቱንም እጅ ይዛ ትርታቸውን አዳመጠችና «ጓደኞቻችሁን ሰኞ ጠዋት ላኩልኝ» አለቻቸው።